የቀመስኩት ስንቅ

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ይሄን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ስለ ወንድሜ ሞት የሰማ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዚአብሔር ልብሽን ያራራው» ይለኛል። የኔ ልብ ምን ሆነና ነው የሚራራው? ይልቅ የዚያን ሾፌር ልብ ያራራው ነበር፣ ያኔ፣ ወንድሜ አስፋልት ዳር ተጋድሞ ሲያቃስት።

ሱቃችን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ናት። የከፈተቻት እናቴ ነበረች፤ እሷ ስታርፍ ለእኔ ቀረች። ውሃ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ሶፍት እሸጣለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ጠያቂ ስልኩንና ቦርሳውን ይዞ መግባት ስለማይችል እኔ ጋ ያኖረዋል፤ ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ እሰጠዋለሁ፤ ሲወጣ ካርቶኗን መልሶ ዕቃውን ይወስዳል። በዚህ ሥራ አንድ ወግ አለ። ጠያቂን ማንን ልትጠይቅ መጣህ፣ ሰውህ በምን ገባ አይባልም። እናቴ ይሄን ያስተማረችኝ በቁንጥጫ ነው። ገና ልጅ ሳለሁ አንዷን ሴትዮ «ባልሽ ሌባ ነው?» ብዬ ጠይቄ ጭኔ ላይ የቀረው ሰምበር እስከ በዓል ድረስ አልጠፋም።

የወንድሜ ገዳይ ተፈርዶበት የገባው እዚሁ ነው፤ ከሱቄ መስኮት ሆኜ ከማየው ግንብ ጀርባ። ዘመድ አዝማዱ «እንዴት ትችይዋለሽ? ሱቁን ልቀቂና ሌላ ሰፈር ተከራዪ» ሲለኝ ኖሯል። እኔ ለምን እለቃለሁ? እሱ ይልቀቅልኝ! ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ግንቡን አየት አደርግና «አለህ አይደል?» እላለሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ክረምት ሲገባ ይበርደው ይሆን ብዬ ደስ ይለኛል። ጉንፋን ሰፈሩን ሲያስለው እሱንም እንዲደርሰው እመኛለሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ።

ወንድሜ በያጅ ነበር። ሳሪስ አቦ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ጎን በርና መስኮት ይሠራል። ታናሼ ነው፤ እናታችን ሱቅ ስትውል ያበላሁት፣ አፍንጫውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ሲያድግ ቁመቱ አናቴን አለፈና «አንቺ ድንክ» እያለ ጭንቅላቴን መታ መታ ያደርገኝ ጀመር። ያን ጊዜ ገላን ኮንዶሚኒየም ገብተን ነበር። ለኩሽናችን የመስኮት ብረት እንዲሠራልኝ ስጨቀጭቀው ከረምኩ፤ በመጨረሻ በራሱ እጅ በይዶ ቀለም ቀብቶ ይዞልኝ ተነሣ። እስከ አቃቂ በአንድ ፒክአፕ መጣ። ከዚያ ወዲያ ብረት የሚጭን ታክሲ ስላጣ ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ጀመረው።

ዝናብ ይጥል ነበር፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ድልድዩ አካባቢ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መጥቶ መታው። ሾፌሩ ቆመ። ወረደ። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ተመልሶ ወጣና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ሰው ገጭቻለሁ» ብሎ እጁን ሰጠ።

ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ከሸራዋ ሥር ሆና ይሄን ሁሉ አይታለች። ሮጣ ስትደርስ ወንድሜ ይተነፍስ ነበር። ውሃ አለ። ሰጠችው። «እህቴን ጥሩልኝ» አለ። መኪና ብታስቆም የሚቆምላት አጣች። ሰው ተሰብስቦ አንድ ባጃጅ ላይ ሲጭኑት ሰዓቱ ሄዶ ነበር፤ ሐኪም ቤት በር ላይ አለቀ። ገልባጩ እኮ ትልቅ መኪና ነው። ጋቢናው ሰፊ ነው። አንስቶ ቢጭነው ሐኪም ቤቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፣ አልፎት ነው የሄደው!

ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሕዝብ ይደበድበኛል ብዬ ፈራሁ።» የቱ ሕዝብ? በዚያ ዝናብ ከቲማቲም ሻጯ በቀር ማን ነበረና! ደግሞ አስከትሎ «ወርጄ አየሁት፣ ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ምን አደርግለታለሁ ብዬ ነው የሄድኩት» አለ። ሴትየዋ ያየችውን ተናገረች። ዳኛው አዳመጧት። ግን እሷ የደረሰችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ሲያየው ይንቀሳቀስ ነበር አይንቀሳቀስም፣ ያንን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሕግ የሰው ልብ ከፍቶ አያይም። በቸልተኝነት ተፈረደበት፤ እጁን በራሱ መስጠቱም ቅጣት ማቅለያ ሆነለት። ማቅለያ! ቃሏን ስሰማ ደሜ ፈላ። ወንድሜን ጥሎ የሄደበት መንገድ ጭራሽ እንደ ደግ ሥራ ተቆጠረለት።

አባቴ ከችሎቱ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ልጅ ሆኖ የቄስ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ክር ፋብሪካ ገብቶ እዚያው ጡረታ ወጣ፤ የቄስ ትምህርቱ ግን ከውስጡ አልወጣም። «ይሄ ልጅ» አለ፣ «የመንገዱን ሕግ አፍርሶ ከሆነ ተፈረደበት፣ እሱ አለቀ። ያፈረሰው ትልቁ ግን ሌላ ነው። ሕገ ልቡናን ነው ያፈረሰው።»

ሕገ ልቡና ከአባቴ አፍ የማይጠፋ ነገር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ፣ የጎረቤት በለስ ስንሰርቅም፣ ስንዋሽም፣ ይጠይቀን ነበር። «ሕግ በድንጋይ ላይ ከመጻፉ በፊት ሰው በምን ይተዳደር ነበር?» ይላል። እኔና ወንድሜ በአንድ ድምፅ «በሕገ ልቡና» እንላለን፣ ቶሎ እንዲለቀን። «ማን አስተማረው?» ይላል። «ማንም።» «ታዲያ እንዴት አወቀው?» «ከነልቡ ስለተፈጠረ።» «እንግዲያው አላወቅሁም ብሎ ማምለጥ ይቻላል?» «አይቻልም።» የወደቀ ሰው ጥሎ እንዳይኬድ የትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው? ማንም አያስተምርም። ሁሉም ግን ያውቃል። ያ ሾፌር ያውቅ ነበር፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ባያውቅ ኖሮ ደንቆሮ ነው ብዬ እተወው ነበር።

ኋላ የሾፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩብን። ገላን ድረስ መጡ፤ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ሳሎናችንን ሞሉት። እናቱ ራሷ እንዳትመጣ አገር ቤት ታማ ተኝታለች አሉ። እርቅ ቢወርድ ለይቅርታ ማመልከቻው ይረዳዋል አሉ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ተነሣሁ። «እርቅ ማለት አብሮ መብላት ነው አይደል? እኔ የሱ እጅ ካለበት ገበታ ከምቆርስ መርዝ ብጠጣ ይሻለኛል። በሉ በሰላም ሂዱ» አልኳቸው። ውሃ እንኳን ሳላቀርብላቸው ወጡ። የምሬን ነው ያልኩት። በአባቴ አገር፣ አገር ስል ሩቅ አይደለም፣ ዛሬ መጋዘንና ፋብሪካ የሆነው የአቃቂ እርሻ ነው፣ ደም የተቃባ ሰው ከአንድ ገበታ አይበላም። አብረው የቆረሱ ቀን ደሙ ደረቀ ይባላል። ሌላ ፊርማ የለውም። እያወቀ የበላ ሰው ኋላ አልታረቅሁም ማለት አይችልም።

እንዲህ ብዬ ምዬ ተገዝቼ እያለሁ ነው አሮጊቷ የመጡት።

አርብ አርብ ይመጣሉ፤ ከሞጆ ወዲያ፣ በአውቶቡስ። ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ የታጠበ ነው። ቦርሳቸውንና አንዲት ቁልፏ የተፋቀ ስልካቸውን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። የካርቶን ቁራጯን ስሰጣቸው ስመው ነው የሚቀበሉኝ፣ ወይ ጉድ! ብዙ ጠያቂ አይቻለሁ፤ ጩኸታም አለ፣ ተጠራጣሪ አለ፣ ስልኬን ነካክተሻል ብሎ ሱቄን የሚያተራምስ አለ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ነው የሚሄዱት። ወደድኳቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ወደድኳቸው።

አንድ አርብ ስንቃቸውን እንደያዙ ከበሩ ተመልሰው መጡ። ፍተሻው ላይ ምግብ ያመጣ ሰው ከየዓይነቱ እንዲቀምስ ይደረጋል፤ የቆየ ደንብ ነው። እሳቸው ደግሞ አርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚፆሙት፤ የመጠየቂያው ሰዓት ከዚያ በፊት ያልቃል። ከዚህ ቀደም የሚቀምስላቸው የጎረቤት ሰው ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያን ቀን ቀረባቸው። «ልጄ፣ አንቺ ትፆሚያለሽ?» አሉኝ። እኔ ጨጓራዬ ስለሚያቃጥለኝ አርብም ሆነ ረቡዕ ጠዋት ሽሮ ሳልበላ አልውልም። የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። «ፆሙን እፆማለሁ፣ ሰዓቱን ግን አልችለውም» አልኳቸው። «እንግዲያው ነይ ቅመሽልኝ፣ በሞትኩት!»

ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ፖሊሱ ያውቀኛል፤ ሳቀብኝ። ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። ምስር፣ ጎመን፣ ከታች እንጀራ። ቆረስኩ፣ ቀመስኩ። ምስሩ ልክ እናቴ እንደምትሠራው ነው፤ በርበሬው ያልበዛበት፣ ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ። «ውይ እማማ፣ ሲጣፍጥ!» አልኩ። ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር ቀማሽ እኔ ሆንኩ። አንዳንዴማ ለመቅመስ ብዬ ቁርሴን አሳንሳለሁ፤ ፖሊሱ «አንቺ ልትቀምሺ ነው ወይስ ምሳሽን ልትበዪ?» ብሎ ያሾፍብኛል። እሳቸው ለጨጓራዬ ከአገር ቤት የተፈጨ ተልባ ያመጡልኛል። ልጃቸው በምን እንደገባ አልጠየቅሁም፤ ስሙንም ለፖሊሱ የሚነግሩት እኔ ቀምሼ ስመለስ ስለሆነ አልሰማሁትም። የሥራዬ ወግ ነው።

አንድ አርብ ጠይቀው ሲወጡ ከባድ ዝናብ ያዛቸው። ሱቄ ውስጥ አስገብቼ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ዝናቡን እያዩ ቆዩና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በራሳቸው ጊዜ ጀመሩ።

«ዝናብ ሲጥል አልወድም» አሉ። «ልጄን ያስበላኝ ዝናብ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ሾፌር ነው። እዚህ አቃቂ ድልድዩ ጋ፣ እንዲህ ሲዘንብ፣ አንድ ምስኪን ልጅ የመስኮት ብረት ተሸክሞ ሲሻገር ገጨብኝ።»

የያዝኩት የውሃ ፕላስቲክ እጄ ላይ ቀረ። የመስኮት ብረት።

«ልጁ ወዲያው ነው ያለፈው» አሉ። «ልጄ ወርዶ አይቶታል፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ቢኖረውማ ጥሎት ይሄዳል እንዴ? እኔ እንዲያ አድርጌ አላሳደግሁትም። ምንም አልተሰቃየም ብሎኛል። ይቺን ይዤ ነው የምተኛው፣ ልጄ። ይቺ ባትኖር አብድ ነበር።»

አፌ ውስጥ የምስሩ ጣዕም አለ። ዝናቡ ሲያባራ ቦርሳቸውን ሰጠኋቸው፤ ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። ወዲያው ፕላስቲክ ውሃ ከፈትኩና አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ አልበቃ ሲለኝ ሳሙና አስነካሁት። ጎረቤቴ «ምን ሆነሻል፣ ምን ነካሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የወንድሜን ደም ስበላ ከርሜያለሁ ልበላት?

ሱቁን ዘግቼ ገላን ሄድኩ። አባቴ ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

«አባዬ፣ በልቻለሁ» አልኩት።

«ምን በላሽ?»

«የሱን ስንቅ! የገዳዩን! ከእናቱ እጅ፣ አርብ አርብ፣ እያጣጣምኩ!»

ሬዲዮውን ዘጋው። ሁሉንም ነገርኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት፣ ከንዴት የመጣ እንባ ነው፤ እርር ድብን ብዬ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ!»

«እንግዲያው አልበላሽም። ልብ ሳያውቀው እጅ የሠራው አይቆጠርም። ደሙም አልደረቀ፣ እርቅም አልወረደ። እንደነበርሽ ነሽ።»

«ካሁን በኋላ ብበላስ?»

«ካሁን በኋላማ ይቆጠራል» አለ።

ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝና ብድግ አልኩ። «እነግራታለሁ» አልኩት። «የፊታችን አርብ ትመጣለች። ልጅሽ ዋሽቶሻል፣ ወንድሜ ሕይወቱ ነበረ፣ ውሃ ለምኗል፣ እኔን አስጠርቷል እላታለሁ። ያቺን ይዛ የምትተኛትን ነገር ከእቅፏ አወጣላታለሁ!»

አባቴ ጉልበቱን አሻሸ። «እውነት መናገር ክፉ አይደለም» አለ። «ለምንድነው የምትነግሪያት?»

«እንድታውቅ።»

«ለምንድነው እንድታውቅ የፈለግሽው?»

«እንዲያማት!» ብዬ ጮህኩ። «እኔን ያመመኝ እንዲያማት!»

«ጥሩ፤ አልዋሸሽም» አለ። «አሮጊቷ ምን አደረገችሽ?»

«ወለደችው!»

«መውለድ ጥፋት አይደለም። እኔም ወልጃለሁ» አለ። «አየሽ፣ ያው የማይጻፈው ሕግ ለሱ ብቻ አይደለም። ለአንቺም ነው። ያላጠፋን ሰው መምታት ክፉ እንደሆነ ማን አስተማረሽ? ማንም። ታውቂዋለሽ። ስለምታውቂውም ነው እንዲህ የምትጮሂብኝ።»

ተናደድኩ። አባቴ ትክክል ሲሆን የባሰ ነው የምናደደው። «ታዲያ ውሸቱን አቅፋ ትኑር? እሱም ግድግዳ ተደግፎ ይሳቅ? ይሄስ በየትኛው ሕግ ነው?» አልኩት። ሬዲዮውን መልሶ ከፈተ። ራሱም መልሱን የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ቃላቱን ስመርጥ ሰነበትኩ። አውቶቡስ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሳሙና ስደረድር፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እንዴት ብዬ ብጀምረው የበለጠ ይቆርጣል እያልኩ። ሳሰላስለው ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደዚያ ሳምንት በጉጉት አርብን የጠበቅሁበት ጊዜ የለም። ፍርድ ቤቱ ያልሰጠኝን እኔ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ልወስድ ነው። ሌላው ቢቀር እናቱ ዓይኑን ስታየው እንደ በፊቱ አታየውም። ይሄ ለኔ ትንሽ ነገር አልነበረም።

አርብ ሆነ። መጡ። ምሳ ዕቃቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ተልባ ፈትተው ሰጡኝ። «ይሄ አዲስ ነው፣ ለጨጓራሽ» አሉ። እሺ፣ ይሄንን ምን አመጣው? ተልባውን ገፋ አደረግሁት።

«እማማ» አልኩ፣ «የመስኮት ብረት የተሸከመው ልጅ ወንድሜ ነው።»

መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አፋቸው ሄደ።

«ወዲያው አልሞተም» አልኩ። የመረጥኳቸው ቃላት ሁሉ ጠፍተውብኝ ነበር፤ ዝም ብሎ ወጣ። «ይተነፍስ ነበር። ውሃ ጠይቋል። እህቴን ጥሩልኝ ብሏል። እህቱ እኔ ነኝ። ልጅዎ ወርዶ አይቶት፣ ጥሎት ነው የሄደው።»

የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። ዋይታ፣ መሬት መውደቅ፣ «ውሸት ነው» ብሎ እኔን መርገም። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ባንኮኒውን ይዘው ቆሙ።

«ውሃውን ማን ሰጠው?» አሉ።

«ቲማቲም የምትሸጥ ሴት።»

«ጠጣ?»

«ትንሽ ጠጣ።»

«እሷን ይባርክልኝ» አሉ። ምሳ ዕቃውን አነሡ። እንድቀምስላቸው አልጠየቁኝም። በመስኮቴ አየኋቸው፤ ፍተሻው ላይ ቆሙ፤ ክዳኑን ከፈቱ፤ በራሳቸው እጅ ቆርሰው አፋቸው አደረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልሻሩትን ሰዓት ሻሩና ገቡ።

ቶሎ ወጡ። የሚቆዩትን ያህል አልቆዩም። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ካርቶኗን ሰጡኝ፤ ቦርሳቸውን አቀበልኳቸው።

«ጠየቅሁት» አሉ። «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ አልኩት። ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ አለኝ። እጁን ሲያነሣ አይቼዋለሁ አለኝ።»

ይሄን ብለው ሄዱ።

እንግዲህ አገኘሁት። ዳኛም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ምስክርም ያላወጡትን እናቱ አወጣችው። እሰይ አልኩ! ለራሴ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ማታ ለአባቴ ነገርኩት፤ አጎንብሶ ሰማኝ፤ «እሷስ?» አለ። «እሷ ምን?» አልኩት። «አሮጊቷ። እንዴት ሆና ሄደች?» ይሄን ሲጠይቀኝ ትቼው ወደ መኝታዬ ገባሁ። ደስታዬን እንዲያበላሽብኝ አልፈለግሁም። ግን የተበላሸ ነገር ነበር። ከበሩ ሲወጡ ያየሁት ፊት ከዓይኔ አልሄድ አለ፤ የምፈልገው የሱን ፊት ነበር እንጂ የሳቸውን አልነበረም።

አይመጡም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው አርብ መጡ፤ ያው ነጠላ፣ ያው ምሳ ዕቃ። በአንድ ሳምንት ያረጁ መሰለኝ። ስልካቸውንም ቦርሳቸውንም አልሰጡኝም።

«አልገባም» አሉ። «ከእንግዲህ ፊቱን አላይም። የወደቀ ሰው እጁን እያነሣለት ጥሎ የሄደ ልጅ እናቱ ፊት መቆም የለበትም። እስኪፈታ ድረስ ብኖርም አላየውም፤ ነግሬዋለሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «መብላት ግን አለበት። የተራበ ሰው ይበላል፤ ምንም ቢያደርግ ይበላል። ወልጄዋለሁና እስክሞት አበላዋለሁ። የሚያደርስልኝ ሰው ፈልጊልኝ። አንቺ አድርሺው አልልሽም፤ ልልሽም አይገባኝም።»

እኔ የተመኘሁለት ሁሉ ይሄን አያህልም ነበር። ብርዱ፣ ጉንፋኑ፣ እስራቱ፤ ሁሉ ተደምሮ አርብ መጥቶ የእናቱን ፊት ከማጣት አይበልጥም። የፈረዱበት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳይጮኹ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም፣ አልዋሽም። ግን ምሳ ዕቃው ባንኮኒዬ ላይ ተቀምጧል፤ ትኩስ ነው፤ መዳፌ ሥር ይሞቀኛል።

የሚያደርስ ሰው ሞልቷል። ጎረቤቴን ብላት ታደርሳለች። ከጠያቂዎቹ አንዱን ብለው አይጠላም። ዝም ብል ደግሞ ሰዓቱ ያልፋል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እሱም ጦሙን ያድራል፤ ማን ይጠይቀኛል? ማንም። የማይጻፈው ሕግ ክፋቱ ይሄ ነው። የሚጠይቅህ የለም፣ ግን አላወቅሁም ማለት አትችልም።

ምሳ ዕቃውን አነሣሁት። አሮጊቷ «ልጄ፣ አይሆንም!» አሉ። «ዝም በሉ እማማ» አልኳቸውና ወጣሁ። በመንገዱ ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የሄድኩት፤ ይቅር እንዳልኩት እንዳይመስለው፣ ይቅር አላልኩም፣ አልልም እያልኩ።

ፍተሻው ላይ ያው ፖሊስ አለ። «ዛሬ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ፤ የእስረኛውን ስም ነገርኩት፣ ከፍቼ አሳየሁት።

«ቅመሺ» አለ።

ምስር ነው። ቆረስኩ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ውስጥ አስገብቼ አላመጥኩ። እንደምንም ዋጥኩት።

«ይሄን መልእክት አብረህ አድርስልኝ» አልኩት። «የቀመሰችልህ የዚያ የመስኮት ብረት የተሸከመው ልጅ እህት ናት በለው። እያወቀች ነው የቀመሰችው በለው። እንዲህ ብለህ ንገረው፣ ከዚያ ይብላ።»

ፖሊሱ አየኝ። ማሾፉ ከፊቱ ጠፋ። ምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ። እኔ ግንቡን ተደግፌ ጠበቅሁ። የሚያፍር ከሆነ ይፈር፤ የሚታነቅ ከሆነ በጉሮሮው ይታነቅ። የፈለግሁት ይሄንን ነው፤ እያንዳንዷን ጉርሻ የማን ጥርስ እንደነካው እያሰበ እንዲውጣት።

ፖሊሱ ተመለሰ። ምሳ ዕቃው እጁ ላይ ነው፤ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ምግቡ እንዳለ።

«አልበላም አለ» አለኝ። «ነገርኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። አልችልም፣ መልስላት አለኝ።»

ከሱቄ በር ላይ አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ያዩናል። ምሳ ዕቃውን ተቀበልኩት፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ መልሼ እጁ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይብላ በለው» አልኩት። «እኔ በልቻለሁ።»